እውነቱን የያዘው ዲስክ

ሬይድ የተሠራለት፣ ማለትም ዲስኮቹ እንደ አንድ የተጣመሩለት ዴስክቶፕ አልነሳ ብሎ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ዲስኩን አይደለም፤ ቀኑን ነው። ባዮስ ውስጥ እገባና ሰዓቱንና ቀኑን አነባለሁ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ማዘርቦርዱ በተሠራበት ዘመን ጃንዋሪ 1 ላይ ቆሞ ካገኘሁት የሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ሲአር 2032 የምትባለው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ሞታለች፤ እሷ ስትሞት ደግሞ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ባዮሱ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል።

ከሚረሳቸው ነገሮች አንዱ ዲስኮቹ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት የሳታው አሠራር ነው። ሬይድ ተብሎ የተቀመጠው ምርጫ ብዙ ጊዜ ወደ ኤኤችሲአይ ይመለሳል። ማታ እንደ አንድ ሆነው የተዘጉት ሁለት ዲስኮች ጠዋት ለየብቻቸው ይታያሉ። ዊንዶውስ ለመነሳት ይሞክራል፤ በለመደው ድራይቨር በኩል ዲስኩን ሲያጣው የስህተት ስክሪን ያወጣና (በቆዩት ዊንዶውሶች መጨረሻው 7ቢ የሆነ) ኮድ ጽፎ ይቆማል፤ ወይም እየጠፋ እየበራ ይቀጥላል። ባለቤቱ ይህን ያየ ሰው ነውና «ዲስኩ ተቃጠለ» ብሎ ነው የሚመጣው። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም። በኢንቴል ሬይድ የትኛው ዲስክ ከየትኛው ጋር እንደተጣመረ የሚገልጸው መረጃ የሚቀመጠው በዲስኮቹ በራሳቸው መጨረሻ ላይ እንጂ ባዮሱ ውስጥ አይደለም። ባትሪዋን ቀይሮ ምርጫውን ወደ ሬይድ መመለስ ይበቃል።

ይህቺ ባትሪ በእኛ ሱቆችና ቢሮዎች ቶሎ የምታልቅበት ምክንያት አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ሰዓቱን የሚያስኬደው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪዋ ሥራ የላትም። ብዙ ባለሱቅ ግን የእሳት አደጋ ፈርቶ ማታ ሲዘጋ ከቆጣሪው ያጠፋል። መብራት ሲሄድም ያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰዓቱን የምትሸከመው እሷ ብቻ ትሆናለች። ከቆጣሪው ማጥፋቱ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ማንንም በዚህ አልወቅስም። ግን በአነስተኛ ዋጋ የምትገዛ ባትሪ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ብትቀየር ስንት ሰው ከድንጋጤ በዳነ።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ጠዋት ሲበራ አልነሳ ብሎ፣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ተጭነው እንደገና ሲያስጀምሩት የሚነሳ ማሽን አለ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ሰፕላይ ድካም ነው። ዲስክ ከቆመበት ተነስቶ መሽከርከር ሲጀምር የሚስበው ኃይል ከሌላው ሰዓት ሁሉ ይበልጣል። ሦስት አራት ዲስክ በአንድ ጊዜ ሲነሱ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልቱን አጽንቶ መያዝ ያቅተዋል፤ አንዱ ዲስክ ይዘገያል፤ ኮንትሮለሩ ቆጠራውን ጨርሶ አንድ ጎድሏል ይላል። ሁለተኛ ሲጀመር ዲስኮቹ አስቀድመው እየተሽከረከሩ ስለሆነ ሁሉም ይገኛሉ። በሊኑክስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ማስነሻው፣ ግረብ የሚባለው፣ አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ተጭኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያ ዲስክ ሲሞት ፋይሉ ሁሉ በሁለተኛው ላይ በሰላም እያለ ማሽኑ የሚነሳበት ያጣል። ባዮሱ ከታደሰ በኋላ መነሳት ያቆመ ከሆነ አሮጌው የማስነሻ ዘዴ ተዘግቶ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲነሳ ተደርጎ እንደሆነ አያለሁ። እነዚህ ሁሉ የሚቀሉ ናቸው፤ የሚከብደው ዲስኮቹ እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው።

የሬይድን ሐሳብ በዚህ ስሙ በ1988 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጡት በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። የተነሱት ከዋጋ ነበር፦ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ትናንሽና ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ ማሠራት ይቻላል ወይ? ጣጣውንም ራሳቸው ነግረውናል። ዲስክ በበዛ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የሚበላሽበት ጊዜ ይቀርባል፤ ስለዚህ አንዱ ቢሞት የሚተካ ትርፍ መረጃ አብሮ መቀመጥ አለበት። ሬይድ 1 ሁሉንም ነገር ሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሬይድ 5 በስሌት የሚመለስ ትርፍ መረጃ በዲስኮቹ ላይ ይበትናል። ሬይድ 0 ደግሞ ፋይሉን በዲስኮቹ ላይ ከፋፍሎ ፍጥነት ይሰጣል እንጂ ምንም ትርፍ አይዝም፤ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። ሰው እንጀራው የተቀመጠበት ማሽን ላይ ሬይድ 0 ሳይ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙዎቹ ሲገዙ ልዩነቱን የነገራቸው የለም።

ዴስክቶፕ ላይ የምናገኘው ሬይድ ከሰርቨሩ የሚለይበት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አብዛኛው የራሱ ካርድና ፕሮሰሰር የለውም። ማሽኑ ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ማዘርቦርዱ ያግዛል፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ድራይቨር ነው። ለዚህ ነው ባዮሱ፣ ድራይቨሩና ዲስኮቹ ላይ ያለው መረጃ ሦስቱም ካልተስማሙ የማይነሳው። ለዚህም ነው ከዲስክ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የምፈልገው።

ይህን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ሥራ ልንገራችሁ። የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ የሚሠሩ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሙያ ዴስክቶፓቸውን ይዘው መጡ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳ ብሏል። እንደተለመደው የሰሙት ምክር ፎርማት ነበር፤ ደግነቱ እሺ አላሉም። ሁለት የ2 ቴራባይት ዲስክ፣ ሬይድ 1 ነው። ባዮሱ ቀኑን አልሳተም፤ የሳታው ምርጫም በቦታው ነው። ኮንትሮልና አይ ተጭኜ ወደ ኢንቴሉ ገጽ ስገባ ጥምረቱ ጎድሏል፤ አንዱ ዲስክ ከአባልነት ውጭ ሆኗል፤ የቀረው አባል ደግሞ ሊነሳ ሲል መንገድ ላይ ይቆማል።

እዚህ ጋ እጅ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ማሽኑን አጠፋሁት። ዲስኮቹን ከመንቀሌ በፊት የትኛው በየትኛው የሳታ ቁጥር እንደተሰካ በማርከር ጻፍኩባቸው፤ የሲሪያል ቁጥራቸውንም መዘገብኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ፣ ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ፣ ለንባብ ብቻ ከፈትኳቸው። ዲስክ ስለ ራሱ የሚመዘግበው ስማርት የሚባል ሰንጠረዥ አለው፤ እኔ በተለይ ሦስት መስመር አያለሁ። ቁጥር 5 ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። ቁጥር 197 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል። ቁጥር 199 ደግሞ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃን ይቆጥራል፤ እሱ ሲያሻቅብ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

ከአባልነት የወጣው ዲስክ 5 እና 197 ላይ ዜሮ ነበር፤ 199 ላይ ግን ትልቅ ቁጥር። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ በላላ ኬብል የተነሳ ከጥምረቱ ወጥቷል። በአባልነት የቀረው ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ኬብሉ ደህና፣ ሴክተሮቹ እየሞቱ። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ጤነኛውን ዲስክ ይመርጣል። ይሰካዋል፤ ዊንዶውሱም ይነሳለት ይሆናል። ከዚያ ሌላውን «አድስ» ብሎ ያዝዘዋል፤ ከጤነኛው ወደ ታማሚው ይገለበጣል።

እኔ ፎልደሮቹን አየሁ። እሳቸው እያንዳንዱን ሰርግ በሙሽሮቹ ስምና በቀኑ ነው የሚያስቀምጡት። ጤነኛው ዲስክ ላይ የጥር ሰርጎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው የሠሩት ሰርግ መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ባለፈው ቅዳሜ ነዋ ልጄ፤ አልበሙን እንኳ ገና አላወጣሁም።»

ጊዜው ግንቦት ነበር። በጾሙ ሰርግ ስለሌለ ከጥር በኋላ ባዶ መሆኑ አያስገርምም፤ ከፋሲካ ወዲህ ያለው ሁሉ ግን መኖር ነበረበት። የለም። ያ ጤነኛ ዲስክ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ አንድ ፊደል አልተጻፈበትም። የሚያዝያና የግንቦት ሥራ በሙሉ ያለው በታማሚው ላይ ብቻ ነው። የቸኮለው ሰው «አድስ» ቢል ኖሮ አሮጌው በአዲሱ ላይ ይገለበጥ ነበር፤ ከሬይዱም ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ የታዘዘውን መፈጸም ነውና ሥራው።

ታማሚውን ዲስክ አላስነሳሁትም፤ ቼክዲስክም አላስኬድኩበትም። ቼክዲስክ የዲስክ ስህተት የሚያርም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ መፍቀድ ያለውን ትንሽ ዕድሜ ማሳጠር ነው። ዲዲሬስኪዩ በሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጥኩት። የዚህ ፕሮግራም ብልሃት ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ ያስቸገረውን ምልክት አድርጎበት ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ከቀሩት ጋር ይታገላል። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መሃል ላይ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ አገር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጨረሻ ላይ ያልተነበበው ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው የወደቀው በዊንዶውስ ፋይሎች ላይ ነው። ያልተነሳውም ለዚህ ነው። ከሰርጎቹ ያልተከፈቱት ሁለት ሦስት ፎቶዎች ናቸው። ጥገናውን ሁሉ የሠራሁት በግልባጩ ላይ ነው፤ ዊንዶውሱን ካስነሳሁ በኋላ ሌላ አዲስ ዲስክ ጨምሬ፣ አዲስ ኬብል ሰክቼ፣ ከግልባጩ ወደ ባዶው እንዲባዛ አደረግሁ። ከማዘዜ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ምንጭና መድረሻ በሲሪያል ቁጥራቸው አመሳክሬያለሁ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ስምና መጠን ሲኖራቸው በእርግጠኝነት የሚለያቸው ያ ቁጥር ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ማሽን ከጥር እስከ ግንቦት በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር። ጠዋት ሲበራ የዊንዶውሱ ምልክት ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ሰከንድ ዲግሬድድ፣ ማለትም ጥምረቱ ጎድሏል የሚል ቃል ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር። ማንም አላነበበውም፤ ማንም አንብቡት ብሎ አልነገራቸውም። የሸጠላቸው ሰው «አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ» ብሎ ነበር የሸጠው፤ እውነት ነው፣ ግን የመጀመሪያው መበላሸቱ ካልታወቀ «ሌላው» የሚባለው ብቻውን ነው ያለው። ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ቫይረስ የቆለፈውም በሁለቱም ይቆለፋል። ስለዚህ ሬይድ ባክአፕ አይደለም። ይህን ለደንበኛ ሳይናገር ሬይድ የሚሸጥ ነጋዴ ግማሹን ዕቃ ሰጥቶ የሙሉውን ዋጋ እንደተቀበለ እቆጥረዋለሁ።

አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች አጥብቄ የምነግራቸው የማይጫኑትን ነው። ዊንዶውስ ያላወቀውን ዲስክ ሲያይ «ኢኒሻላይዝ ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አይሆንም» ነው። የኢንቴሉ ገጽ ላይ ዲስክን ከሬይድ አባልነት የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ የአባልነቱን መረጃ ያጠፋል። «አዲስ ጥምረት ፍጠር» የሚለውም እንዲሁ፣ ከዚያ ገጽ ሲፈጠር የነበረው ይጠፋል ብሎ ራሱ ያስጠነቅቃል። ሦስቱም በጭንቀት ሰዓት መፍትሔ ይመስላሉ። ደንበኛው ከኋላ ቆሞ እያየ ዝም ብሎ ማንበብ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምንም እየሠራህ አይመስልም። ያኔ የምታነበውን ጮክ ብለህ ንገረው እላቸዋለሁ፤ ጋሼ የፎልደሮቹን ቀን አብረውኝ ባያዩ ኖሮ የጎደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ በቆየሁ።

ማሽኑን ስመልስ ኬዙ ውስጥ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ፦ የሳታው ምርጫ ሬይድ መሆኑን፣ የሁለቱን ዲስክ ሲሪያል ቁጥርና የተሰኩበትን ቦታ፣ በዚያው አጋጣሚ ባትሪዋ የተቀየረችበትን ቀን። ጠዋት ጠዋት የትኛዋን ቃል ማንበብ እንዳለባቸው በእጃቸው ጽፈው ሞኒተሩ ጥግ ላይ ለጠፉ። ሰርግ በሠሩ ቁጥር የሚገለብጡበትና ነቅለው ቤታቸው የሚወስዱት አንድ የውጭ ዲስክም ገዙ። አሮጌዎቹን ሁለቱንም ዲስኮች ልጥላቸው ሲሉ ከለከልኳቸው፤ እያንዳንዱን የሚያዝያና የግንቦት ሰርግ ከፍተው እስኪያዩ ድረስ እንዳሉ ይቀመጡ ብዬ ሲሪያላቸውንና ቀኑን የጻፍኩበት ፖስታ ውስጥ አሸግኳቸው።