ስለ ቀጭኔ ጥበቃ በ2016 የተሰጠው ፍርድ ሲመረመር

በዲሴምበር 2016 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ በሚባለው ዝርዝሩ ላይ ቀጭኔን «ለጥፋት የተጋለጠ» ብሎ መዘገበው። ምክንያቱም በ1985 ከ151,702 እስከ 163,452 ይገመት የነበረው የቀጭኔ ብዛት በ2015 ወደ 97,562 ወርዷል የሚል ነው። ጋዜጦችም ይህንኑ ተቀብለው ከመቶ 40 ያህሉ ጠፋ ሲሉ አወሩ። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሰነዱን እስከ ሰንጠረዡ ድረስ ላነበበ ሰው ፍርዱና ማስረጃው አይገጥሙለትም።

ይኸውም ምንድን ነው ቢሉ፣ ኅብረቱ በዚያን ጊዜ ቀጭኔን አንድ ዝርያ፣ ከበታቹም ዘጠኝ ንዑሳን ዝርያዎች ያሉት አድርጎ ይቆጥር ነበር። በሰንጠረዡ ላይ የደቡብ አፍሪካው ከ8,000 ወደ 21,387፣ የአንጎላ የሚባለውም ከ5,000 ወደ 13,031 ከፍ ብለዋል። በእኛ ጋምቤላና በደቡብ ሱዳን የሚገኘው የኑብያ ቀጭኔ ግን ከ20,577 ወደ 650 ወርዷል። ከመቶ 97 እጁ የለም ማለት ነው። ታዲያ በናሚቢያ የተወለደ የቀጭኔ ልጅ በጋምቤላ የተገደለችውን እናት ይተካልን? በድምሩ ውስጥ ይተካል፤ በሜዳው ላይ ግን አይተካም። ቀጭኔ 15 ወር ያህል አርግዛ አንድ ልጅ ብቻ የምትወልድ አውሬ ስለ ሆነች፣ የጠፋው መንጋ በቶሎ አይመለስም።

በእርግጥ ኅብረቱ በ2018 ንዑሳን ዝርያዎቹን ለየብቻ መርምሮ፣ የኑብያውንና የኮርዶፋኑን ከሁሉ በከፋው የአደጋ ደረጃ ላይ አስቀምጧቸዋል። በኦገስት 2025 ደግሞ ቀጭኔ አራት ዝርያ ነው የሚለውን ተቀበለ። ስለ እንስሳት ስም አወጣጥ የሚደረገውን ክርክር እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥሩ ጓደኞቻችን ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ሆኖም አዲሱም አከፋፈል ነቀፌታ አያጣውም። የዘር ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት ሮትስቻይልድ በመባል የሚታወቀውን የዩጋንዳና የኬንያ ቀጭኔ ከኑብያው ጋር አንድ አድርገውታል። ዝምድናው እውነት ይሁን። ነገር ግን በዩጋንዳ በመርቺሰን ፏፏቴ ፓርክ እየበዛ የሄደው መንጋ፣ ጦርነትና ጠመንጃ ካመነመነው ከደቡብ ሱዳንና ከጋምቤላ ቅሬታ ጋር በአንድ ስም ከተደመረ፣ የ2016 ችግር በትንሹ ተመልሶ ይመጣል። የበዛው ያነሰውን ይሸፍነዋል።

ከዚህ የተሻለ አሠራር የታየው በኒጀር ነው። በ1996 በኩሬ አካባቢ የቀሩት የምዕራብ አፍሪካ ቀጭኔዎች 49 ብቻ ነበሩ። መንግሥት አደኑን ከለከለ፤ ገበሬዎቹም በየማሳቸው መካከል ሲሰማሩ ታገሧቸው። አጥር የለም። ቆጣሪዎቹ እያንዳንዱን በቆዳው ነጠብጣብ እየለዩ ይመዘግባሉ፤ ዛሬ ከ600 በላይ ሆነዋል። እዚያ ቁጥሩ የአህጉር ድምር ሳይሆን የአንድ ስፍራ ሒሳብ ስለ ነበረ፣ አንድ ቢጎድል የት እንደ ጎደለ ይታወቅ ነበር።

የጋምቤላውም ቁጥር ከዩጋንዳው ተነጥሎ፣ የተቆጠረበት ዓመትና የአቆጣጠሩ ዘዴ ተጽፎበት ለብቻው ሊታተም ይገባል። ይህ አዲስ የስም ክርክር አያስፈልገውም፤ በሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።