ዝም ያለው ቁስል

የተቃጠለ ልጅ ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍላችን ሲመጣ አስታማሚው ቀድሞ የሚያሳየኝ ውሃ የቋጠረውንና ልጁን የሚያስጮኸውን ቦታ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። ቀይና እርጥብ ሆኖ ሲነካ የሚያመውን ቁስል በጓንት ጣቴ ጫን ሳደርገው ይነጣል፤ ስለቀው ደሙ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ካላመረቀዘ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይድናል። ነጥቶ ወይም ጠቁሮ እንደ ቁርበት የደረቀው ግን ብጫነውም አይለወጥም፣ ልጁም አይሰማውም፤ ቆዳው ከነነርቩ ሞቷል። ሰፋ ያለ ከሆነ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ካልተለጠፈበት አይሸፈንም። «ይሄኛውስ አያመውም፣ እየዳነ ነው» ለምትል እናት ይህን መንገር ከሥራዬ ሁሉ ይከብደኛል።

ስፋቱን የምገምተው በልጁ በራሱ መዳፍ ነው፤ መዳፉ ከነጣቶቹ ከመላ ቆዳው 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። የልጅ ቃጠሎ 10 በመቶ ካለፈ ፋሻ ይቆየው፤ መጀመሪያ ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባለታል።

ብዙ ሰዓት የሚወስድብኝ ከቤት ተቀብቶ የመጣው ነው፦ ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዱቄት። ኮልጌት ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል፤ ከሥር ያለውንም ቀለም ስለሚደብቅ ሳይነሳ ጥልቀቱ አይታወቅም። የሕመም ማስታገሻው እስኪሠራ እጠብቅና በኖርማል ሳላይን የራሰ ጎዝ አለብሰዋለሁ። ቸኩሎ የፋቀ ሰው ሊድን የሚችለውን ቆዳ አብሮ ይገፋል። እናቲቱን አልቆጣም። የቀባችው ልጇን ልታሳርፍ ብላ ነው፤ የተቆጧት እናት ደግሞ ሌላ ጊዜ ዘግይታ ነው የምትመጣው።

ጣቶችን አንድ ላይ አልጠቀልልም። በየመሃላቸው ጎዝ አስገብቼ ለየብቻ አስራቸዋለሁ፤ አለዚያ ተጣብቀው ይድናሉ። ክርኑ የተቃጠለ ልጅ እጁን አጥፎ መተኛት ይወዳል፣ ያሳርፈዋልና። ጠባሳ ግን እየዳነ ሲሄድ ይሰበሰባል፤ ታጥፎ የዳነ ክንድ ታጥፎ ይቀራል። ስለዚህ እያለቀሰም ቢሆን እዘረጋዋለሁ። አንገቱ ለተቃጠለም ትራስ አልሰጥም።

ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የሚጥል በሽታ ምድጃ ዳር የጣለው ሰው «ይጋባል» ተብሎ ሳይነሳ ሲቆይ ቃጠሎው አጥንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። በሽታው አይጋባም። ጎትታችሁ አውጡት!

ቤት ውስጥ የሚሠራውን እኔ በኋላ ልተካው አልችልም። ሽሮ ወይም የፈላ ውሃ ልጅ ላይ ሲደፋ ያልተጣበቀውን ልብስና የእጁን አምባር ቶሎ አውልቁ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ሙሉ አፍስሱበት፤ ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን እየቀዳችሁ። በረዶ አይሁን። ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፈን አድርጉት። ሳታፈሱበት ቢቆይም ከተቃጠለ በኋላ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃው ይጠቅመዋል። ከዚያ ቁስሉን በታጠበ ነጠላ ሸፍናችሁ፣ ምንም ሳትቀቡ አምጡት።