በ35 በሽተኞች ላይ የቆመ ፍርድ

የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ የሳንባን የደም ሥር ሲዘጋ፣ ሐኪም የደም መርጋትን የሚገታ መድኃኒት ያዝዛል። ለዚህ ልማድ ከቀደሙት መሠረቶች አንዱ ባሪትና ጆርዳን የተባሉ የብሪስቶል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው።

እነዚህ ሐኪሞች 35 በሽተኞችን በዕጣ ለይተው ለ16ቱ ሄፓሪንና ኒኩማሎን ሰጡ፤ ለ19ኙ ግን አልሰጡም። መድኃኒት ካላገኙት 5ቱ በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ሌሎች 5 ሰዎች ደግሞ በሽታው አገርሽቶባቸው ተረፉ። ካገኙት መካከል በዚህ በሽታ የሞተም ሆነ ያገረሸበት አልነበረም።

ቁጥሩ አነስተኛ ነው የሚለው ነቀፌታ ብቻውን አይበቃም። መድኃኒቱ ከንቱ ቢሆን ኖሮ፣ 10ሩም አደጋዎች መድኃኒት ባላገኙት ላይ ብቻ የሚወድቁት በስሌት ከ2000 አንድ ጊዜ ያህል ነው። ይሁን እንጂ የማስመሰያ መድኃኒት ስላልተሰጠ፣ ማገርሸቱን የለየው ሐኪም ማን እንደታከመ ሊያውቅ ይችል ነበር። ሞትን ብቻ ብንቆጥር ዕድሉ ከ28 አንድ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በሽታው የታወቀው በምልክት፣ በራጅና በልብ ምርመራ ስለሆነ፣ የተመረጡት ሕመማቸው የጸና ሰዎች ነበሩ። የዛሬው ሲቲ ስካን ግን ምልክት የሌለውን ጥቃቅን ርጋት ጭምር ያሳያል። መድኃኒቱም ደም ያፈሳል፤ ከታከሙት አንዱ የሞተው በሳንባ ምችና በሚደማ የአንጀት ቁስል ነበር።

እንግዲህ ይህ ጥናት ሕመሙ የጸናበትን ሰው ያለ መድኃኒት መተው እንደማይገባ ያስረዳል። ለጥቃቅኑ ርጋት ግን ምስክር አድርጎ መጥራቱ ያልተናገረውን ማናገር ነው።