ቡናን ከቡና አገር ማንሳት

ሰማይ ላይ ቡና የምትባል ኮከብ አለች። ስሟ ይፋ የሆነው ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት መድቦ ስም አውጡላቸው ብሎ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የምትታወቅ ኮከብ ናት። እሷ ቡና ተባለች፤ የሚዞራት ፕላኔት ደግሞ አቦል። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈችና ወሬው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ላይ ቡና ለቅሞ፣ ቡና ሸጦ፣ ቡና ጠጥቶ ከሚያድረው ሰው መካከል ይህችን ስመ ሞክሼ የሚያውቃት እስካሁን ብዙ አላጋጠመኝም።

አሮጌ ካሜራ ይዞ «ከየት ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ ከቡና ጀምር የሚል ነው። ፎቶዋ አያምርም፤ ነጥብ ናት። ብዙዎች የሚጀምሩት ከኦርዮን ኔቡላ ነው፤ እሱ ግን ለጀማሪ ይሉኝታ ያበዛል። ካሜራው ቢንቀጠቀጥም፣ ሌንሱ ቢደበዝዝም ሮዝ ጭስ የመሰለ ነገር ይሰጥና ጎበዝ ነህ ይላል። ቡና እንዲህ አታባብልም። ብሩህነቷ 7ኛ ደረጃ ላይ ስለሆነ በባዶ ዓይን አትታይም፣ በተራ ባይኖኩላር ግን ትታያለች። ፎቶው ላይ ክብ ነጥብ ሆና ከወጣች ትኩረቱ፣ ማቆሚያው፣ የጊዜው ርዝመት ሁሉ ልክ ነበር ማለት ነው። ከጠፋች ወይም ሰረዝ ከሆነች ከእነዚህ አንዱ ተበላሽቷል።

አገሩ ለሰማይ ተመልካች ቸር አይደለም። ሚዛን ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። ከመጋቢት ጀምሮ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመና ነው፤ የደቡብ መስቀል በሚያምርበት በሚያዝያና በግንቦት ምሽት እኛ የምናየው መብረቅ ነው። ሰማዩ የሚከፈተው በኅዳር መጨረሻ አካባቢ፣ እሸት ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ በሚሰጣበት ወቅት ነው። ቡና የምትባለው ኮከብ በማታው ሰማይ ከፍ የምትለውም ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። ከጥር አጋማሽ በኋላ ገና ሲመሽ ጀምራ ወደ ምዕራብ ታዘቀዝቃለች፤ በዚያ ላይ ከቆላው የሚነሳው የሣር ቃጠሎ ጭስ አየሩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ታኅሣሥን ማሳለፍ አያዋጣም።

ቦታ መምረጥ ሌላ ጣጣ ነው። ቡናው ጥላ ስለሚወድ ዋንዛውና ብርብራው ሰማዩን ይሸፍኑታል። ሰፊ ገላጣ ቦታ የሚገኘው የማድረቂያ አልጋዎቹ በተዘረጉበት ነው። መብራት የጠፋ ምሽት ከሆነ ደግሞ ጨለማው ከየትኛውም ኦብዘርቫቶሪ አያንስም። የእንጦጦዎቹ ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አላቸው፣ ያሉትም 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሥራቸውን የሚሠሩት ግን ከአዲስ አበባ መብራት አናት ላይ ሆነው ነው። በጨለማ በኩል እኛ እንሻላለን፤ ይህን ስል ትንሽ ኩራት አለብኝ።

ቡናውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ካሜራዬን ስተክል ሲያዩ ሠራተኞቹን «ልጆች፣ ዛሬ ሸራውን አጥብቃችሁ ሸፍኑ፤ ኮከብ ሲበዛ ጤዛው ይከብዳል» ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ ሌንሱም ከአየሩ በታች ይቀዘቅዝና ጤዛ ይይዛል። ከአፉ ላይ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ ረዘም ያለ ጥቅል ማጥለቅ ጤዛውን ያዘገየዋል። በጨርቅ መጥረግ ግን አይመከርም፤ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል፣ መስታወቱም ይጫራል። ከጤዛው የባሰው ሻጋታ ነው። በዚህ እርጥበት ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ከከረመ መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቅላል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች መጣል ኃጢአት ነው። በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሌንሱ ጋር ይቀመጡ።

ቡናን ለማግኘት ካርታ አያስፈልግም። ወደ ሰሜን ዞሮ ቀና ሲሉ በግራ በኩል የፔጋሰስ ትልቁ አራት ማዕዘን አለ። ከጥጉ ወደ ቀኝ የሚሄደው የአንድሮሜዳ ሰንሰለት በአልማክ ያበቃል። ከአልማክ አልፎ በቀኝ በኩል ቀጣዩ ደማቅ ኮከብ አልጎል ነው። ቡና ከሞላ ጎደል የሁለቱ መሃል ላይ ናት፤ ከአጠገቧ በ1 ዲግሪ ገደማ ርቀት ኤም 34 የሚባለው የከዋክብት ክምችት በባይኖኩላር እንደ ብናኝ ይታያል። አንድሮሜዳ በግሪኮቹ ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የእነሱ «ኢትዮጵያ» ከዛሬዋ ጋር መግጠሙን ለታሪክ አዋቂዎች እተወዋለሁ፤ ቡና እሷ ዘንድ መገኘቷ ግን ደስ ይለኛል።

ካሜራው ሌንሱ የሚፈታ ማንኛውም አሮጌ ካሜራ ይሁን፤ ሌንሱ ርካሹ 50 ሚሊሜትር ይበቃል። በማቆሚያ ላይ ብቻ ከተነሳ ከ4 ሰከንድ በላይ መክፈት አይቻልም፤ ምድር ስለምትዞር ነጥቧ መሳብ ትጀምራለች። ጊዜውን ማስረዘም የፈለገ አናጢ ዘንድ ይሂድ። ሁለት አጭር ሳንቃ፣ አንድ የበር ማጠፊያ፣ አንድ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን ከነዳዶው በቂ ነው። የተለመደው ባለ 6 ቡሎን በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙሯን የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ሁለቱን ሲያሰሉት ቡሎኑ ከማጠፊያው ዘንግ 22.9 ሴንቲሜትር ርቆ መቆም አለበት። ከዚያ በደቂቃ አንድ ዙር በእጅ ማዞር ነው፤ የላይኛው ሳንቃ ከነካሜራው በሰማዩ ፍጥነት ይነሳል።

የማጠፊያው ዘንግ ወደ ሰሜን ዋልታ ማመልከት አለበት። ለአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች በሰሜን ኮከብ አስተካክል ይላሉ፤ ሚዛን ላይ ግን ሰሜን ኮከብ ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ከኮረብታው ወይም ከዛፉ ጀርባ ናት። ስለዚህ አቅጣጫውን በኮምፓስ ይዞ ዘንጉን በአንድ ሜትር 12 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው፤ 7 ዲግሪው እሱ ነው። በዚህ ሌንስ ለ1 ደቂቃ ፎቶ ትንሽ ስህተት አይታወቅም።

ሳንቃ የሌለው አይዘን። ብዙ የ4 ሰከንድ ፎቶዎችን አንስቶ ሴኳተር ወይም ዲፕስካይስታከር በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች መደራረብ ይቻላል። ኮከቡ በሁሉም ፎቶ ላይ ስላለ ይጠነክራል፤ እንደ አሸዋ የተበተነው ሽውታ (ኖይዝ) ግን በየፎቶው ቦታው ስለሚለያይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መቶ ፎቶ ሲደራረብ ምስሉ ከአንዱ በ10 እጥፍ ይጠራል። ቴፒ ከሚዛን ዝቅ ስለሚል ሌሊቱ ይሞቃል፣ የሞቀ ካሜራም ሽውታ ያበዛል፤ የቴፒ ሰው ፎቶውን ትንሽ ያብዛ።

አቦል ግን አይነሳም። ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ቢከብድም በእናቱ ብርሃን ውስጥ ጠፍቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲገኝም ያየው ሰው የለም፤ ወደ 1,000 ቀን በሚጠጋ ጊዜ አንዴ ሲዞር ኮከቢቱን ወዲያ ወዲህ ይጎትታታል፣ ብርሃኗ ላይ የታየው ያ ጉተታ ነው። ከካሜራው የሚገባው የቡና ብርሃን ራሱ ከ195 ዓመት በላይ ተጉዟል፤ ሲነሳ እዚህ ዘመነ መሳፍንት ነበር።

ቡናን ካገኙ በኋላ ያው ፎቶ ሌላ ሥራ አለው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ አልማክና አልጎል አብረው ይገባሉ፤ የሁለቱም ብሩህነት በደህናው ቀን 2.1 ነው፣ እኩል ናቸው። አልጎል ግን በ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አንዴ በጓደኛው ተጋርዶ እስከ 3.4 ይደበዝዛል። አንድ ማታ አልጎል ከአልማክ ደብዝዞ ከታየ ቡናን ለሌላ ቀን ትቶ በየግማሽ ሰዓቱ ማንሳት ነው። ከጨለመበት ወደ ቀድሞው እስኪመለስ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ባትሪ ሁለት ይያዝ።