መዋጮ የንግድ ወጪ ነውን?

በሐይቅ ወይም በውጫሌ ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ በዓመት ስንት ጊዜ መዋጮ እንደሚጠየቅ የአገሩ ልጆች የሆንን እናውቃለን። ቀድሞ ጠያቂው ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር፤ ዛሬ ጥሪው በስልክ ይመጣል፥ ገንዘቡም በባንክ ወይም በቴሌብር ይላካል። ታዲያ ይህ ገንዘብ ግብር ሲታሰብ ከገቢው ይቀነስለታልን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን፦ ነጋዴው ካላዋጣ ደንበኛ ያጣልና መዋጮው የንግድ ወጪ ነው ይላሉ። ክርክሩ ደስ ያሰኛል እንጂ ከሕጉ ጋር አይስማማም። ግለሰብ ነጋዴን ግብር የሚያስከፍለው ክልሉ ቢሆንም፥ የክልሎች ሕግ በፌዴራሉ አምሳያ የተቀረጸ ስለሆነ፥ ምርመራችንን በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ላይ እናደርጋለን። አንቀጽ 22 እንዲቀነስ የፈቀደው ገቢን ለማግኘትና ንግዱን ለማቆየት የግድ አስፈላጊ የሆነውን ወጪ ነው። የሱቁ ስም በሰሌዳ ተጽፎ የሚተዋወቅበት ከሆነ ወጪው ማስታወቂያ ነው ሊባል ይቻላል፤ በቸርነት የተሰጠው ግን ስጦታ ነው። ለስጦታም አንቀጽ 24 ሁለት በር ብቻ ከፈተ፤ ይኸውም ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የሚሰጠው፥ እንዲሁም ለልማት ወይም ለአደጋ መንግሥት ባደረገው ጥሪ የሚሰጠው ነው። ያውም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ።

የእኛ ነቀፌታ ከዚህ ላይ ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ያፈናቀላቸው የሰሜን ወሎ ሰዎች በውጫሌና በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ ሲወርዱ፥ አንድ ነጋዴ 20,000 ብር ሰጠ እንበል። ግብር የሚከፈልበት የዓመት ገቢው 200,000 ብር ቢሆን፥ ገንዘቡን በመንግሥት ጥሪ ሰጥቶ ከሆነ በ35 በመቶው መደብ 7,000 ብር ግብር ይቀርለታል፤ ሰፈርተኞች በከፈቱት ሒሳብ አስገብቶ ከሆነ ግን ምንም አይቀርለትም። የተራበው ያው፥ እንጀራውም ያው፤ የተለየው ጠሪው ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፥ ሕጉ በሩን ያጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሁሉ ለዘመዱ የሰጠውን መዋጮ ነው ቢል የመንግሥት ግምጃ ቤት ይራቆታል። ነገር ግን ይህ ሥጋት ይበልጥ የሚሠራው ለእጅ በእጅ ስጦታ ነው። በስልክ የተላከ ገንዘብ ሰጪውን፥ ተቀባዩን፥ ቀኑንና ልኩን መዝግቦ ስለሚያስቀር ለመርማሪ ይመቻል። ስለዚህ ሕግ አውጪው የ10 በመቶውን ወሰን ሳይነካ፥ በወረዳው የተመዘገበን የመዋጮ ሒሳብ እንደ ሦስተኛ በር ቢቀበል መልካም ይመስለናል።

ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ለተፈረመው ውል ስሟን የሰጠች ከተማ ናት፤ የአንቀጽ 17 አንድ ግሥ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተለያይቶ ምን መዘዝ እንዳመጣ ታሪክ ያውቃል። የሕግን ቃል መመርመር እንግዲህ ለአምባሰል ልጅ እንግዳ ሥራ አይደለም።