«መጠቀም» ምን ማለት ነው? የኮንዶም አጠቃቀም መመሪያዎች አማርኛ ሲመረመር

ስለ ኮንዶም አጠቃቀም በአማርኛ የሚዘጋጁ መመሪያዎች ሲተቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የነውር ጉዳይ ነው። ቋንቋው አካልን በስሙ ለመጥራት ስለሚያፍር መልእክቱ ይድበሰበሳል ይባላል። አስተያየቱ ከፊል እውነት ቢኖረውም ዋናውን ችግር አይነካም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ጨዋ ቃል አላጣም። ከግእዝ «ግብረ ሥጋ»ንና «ሩካቤ»ን ወርሷል፤ «ብልት» በጤና ትምህርት ውስጥ የተለመደ ቃል ነው፤ «ኮንዶም»ም ከውጭ መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። የዚህ ሒስ መከራከሪያ፣ አንባቢን የሚያሳስቱት እነዚህ የሚያሳፍሩ ቃላት ሳይሆኑ ማንም የማይጠራጠራቸው ተራ ቃላት ናቸው የሚል ነው።

ከመፈክሩ እንጀምር። «የመ ሕጎች» እየተባለ የሚታወቀው «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» የሚለው የኤችአይቪ መከላከያ መልእክት በድምፅ አወቃቀሩ የተዋጣለት ነው። የአማርኛ ስመ ግሥ በ«መ» ወይም በ«ማ» ስለሚጀምር ሦስቱ ቃላት ያለ ድካም ይገጥማሉ። የግጥሙን ዋጋ የከፈለው ግን ሦስተኛው ቃል ነው። መታቀብና መወሰን ያለ ተጨማሪ ቃል ሐሳባቸውን ያስተላልፋሉ፤ «መጠቀም» ግን በምን እና እንዴት የሚሉ ጥያቄዎችን ሳይመልስ ይቀራል። በተጨማሪም «ተጠቀመ» ጥቅም አገኘ ማለትም ስለሆነ፣ ዕቃውን መያዝ ብቻውን ጥቅሙን የሚያስገኝ ያስመስላል። ስመ ግሥ ደግሞ ባለቤቱን አያሳይም። ቋንቋው «ተጠቀም» እና «ተጠቀሚ» ብሎ መለየትን የሚያስገድድ ሆኖ ሳለ፣ መፈክሩ ከዚህ ግዴታ አምልጧል። ይህ ገለልተኛነት የሁለቱም ይመስላል፤ ነገር ግን ኮንዶም የወንድ ጉዳይ ነው የሚል ልማድ ባለበት፣ ዝምታው ለልማዱ ያደላል። ማሸጊያውን የምትመረምረውና ቀኑን የምታነበው ሴትም ልትሆን እንደምትችል የሚናገር ቃል የለም።

ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በተሠሩ ግምቶች መሠረት፣ በወንድ ኮንዶም ብቻ ከሚከላከሉ 100 ሴቶች መካከል ዘወትርና በትክክል ሲጠቀሙ በመጀመሪያው ዓመት የሚያረግዙት 2 ያህል ሲሆኑ፣ በተለመደው አጠቃቀም ግን 13 ያህል ናቸው። ልዩነቱ ሁሉ የቋንቋ ውጤት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ አለመጠቀምም ይጨመርበታል። ሆኖም ከአለማወቅ የሚመጣ ስሕተት በመመሪያ ይታረማል፤ መመሪያ ደግሞ ከቃላት ይሠራል።

«ማጥለቅ» የሚለውን ግሥ እንመልከት። ቀለበት ይጠለቃል፤ ካልሲም ይጠለቃል፤ ካልሲ የሚጠለቀው ግን ተስቦ ነው። ኮንዶም ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር ነው። ጫፉ በሁለት ጣት ተይዞ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከዚያ በቆመ ብልት ላይ ተቀምጦ ጥቅሉ እየተፈታ እስከ መነሻው ይወርዳል። ጥቅሉ አልፈታ ካለ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ፈሳሽ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ገልብጦ መልሶ ማድረግ አይገባም፣ ተጥሎ በአዲስ ይተካል። ይህን ሁሉ «ማጥለቅ» አይሸከምም፤ «መፍታት» እና «ማውረድ» ይሸከማሉ። «ከሥሩ ይዞ ማውጣት» ሲባልም «ሥር» መነሻንም በታች መሆንንም ስለሚያመለክት አንባቢው እጁን የት እንደሚያሳርፍ እርግጠኛ አይሆንም። ሊባል የሚገባው፣ ከፈሰሰ በኋላ ብልቱ ሳይላላ፣ ኮንዶሙን ብልት ከሰውነት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ላይ ይዞ ማውጣት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው «ቅባት» ነው። ቃሉ ሲነገር በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ቅቤ፣ ዘይት፣ ቫዝሊንና የሰውነት ሎሽን ናቸው። እነዚህ ሁሉ ላቴክስን ያዳክማሉ፤ ኮንዶሙም ሊቀደድ ይችላል። የሚስማማው ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ነው። ስለዚህ «ቅባት ይጨምሩ» የሚል መመሪያ የሚጎዳው በቅን ልብ የታዘዘውን አንባቢ ነው። «ማለስለሻ» ብሎ መሰየም፣ የማይሆኑትንም በየስማቸው መዘርዘር ግድ ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። «ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንባቢው ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያነብ አይነግረውም። ከውጭ በሚገባ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የአውሮፓውያኑ ዓመት ከኢትዮጵያው በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። በ2018 ዓ.ም. ማሸጊያ ላይ 2024 የሚል ያነበበ ሰው ገና ስድስት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ ዕቃው ግን ጊዜው አልፎበታል። «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር» የሚሉ ሦስት ቃላት ይህን ስሕተት ያስቀራሉ።

እንዲህ ያለ ዝርዝር መልእክቱን ያስረዝማል፣ ጨዋነቱንም ይቀንሳል የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። ስለ ጨዋነቱ፣ ከላይ የቀረቡት ማሻሻያዎች አንዳቸውም አዲስ የሚያስነውር ቃል አልጨመሩም፤ «መፍታት»፣ «ማውረድ»፣ «መነሻ»፣ «ማለስለሻ» በማንኛውም ቤት የሚነገሩ ቃላት ናቸው። ስለ ርዝመቱ፣ መፈክርና መመሪያ ሥራቸው ይለያያል። መፈክር ለማስታወስ ነው፤ ማጠሩም ያምርበታል። መመሪያ ግን እጅን ለመምራት ነው፤ ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል፣ አንዱን ድርጊት በአንድ ግሥ ካላስቀመጠ ሥራውን አልሠራም። ለቅኔ ክብር የሆነው አሻሚነት ለመመሪያ ጉድለት ነው።

ጥሩ መመሪያ መጻፉ የሚታወቀው በአዘጋጁ ስምምነት ሳይሆን በአንባቢው አፍ ነው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለወንዶችም ለሴቶችም ይነበብላቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን እርምጃ በራሳቸው ቃል መልሰው ይናገሩት። አንባቢው «ከዚያ ይጠቀሙበታል» ብሎ ካለፈ፣ እዚያ ቦታ ላይ መመሪያው ገና አልተጻፈም።