ልብሱ የወለቀ ዳሽቦርድ

ባሕር ዳር ውስጥ ታክሲ ይሁን የቤት መኪና፣ ገብታችሁ ስትቀመጡ ዳሽቦርዱን ራሱን የምታዩት አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ ጸጉራም ምንጣፍ ለብሷል፣ ዳር ዳሩን ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል፣ ከላዩ ደግሞ የሶፍት ሣጥንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተቀምጠውበታል። ልብሱ ለጌጥ ብቻ የተለበሰ እንዳይመስላችሁ። ከሥሩ ፀሐይ የላጠው፣ ቀለሙ የነጣ፣ እዚህም እዚያም የተሰነጠቀ ፕላስቲክ አለ፤ ልብሱ ገመና ሸፋኝ ነው። ሽምብጥ ሰፈር የሚኖር አንድ ጎረቤቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ ባለፈው ክረምት ያንን ልብስ ገፎ ጣለው። የቪትዝ መኪናውን የዳሽቦርድ ክፈፎች አንድ በአንድ ነቅሎ በረንዳው ላይ ቀለም ቀባቸው፣ መልሶም ገጠማቸው። እኔም ሥራው እንደ ማንኛውም ሥራ ሊታይና ሊተች ይገባዋል ብዬ ብዕር አነሣሁ። መምህሩ ፈቅዶልኛል፤ «ብቻ ስሜን እንዳትጠራ» ብሎ።

ለምን አዲስ አይገዛም የሚል አንባቢ ካለ መልሱ አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና አገር ውስጥ አይገባም ተባለ። የመምህር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ያለችውን ቪትዝ ይዞ ከመኖር ውጪ ምን ምርጫ አለው?

ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ካየናቸው መኪኖች የምትለየው በአንድ ነገር ነበር፤ የፍጥነት መቁጠሪያዋ ከሹፌሩ ፊት ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ተቀምጧል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ለሚዞርለት ገዢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መቁጠሪያውን ማንም አይነካውም። ዳሽቦርዱ ግን አያመልጥም። የመምህሩ መኪና መሪዋ ከዞሩት አንዷ ናት፤ ያዞረው እጅ ፕላስቲኩን ቆርጦ እንደገና አጋጥሞታል። ከመሳቢያው በላይ ባለው ረጅም ክፈፍ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የጣት ጥፍር የሚያስገባ መስመር አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ምንጣፉ የሸፈነው ይህንን ነበር።

አነቃቀሉ ላይ ምንም የምነቅፈው የለኝም፤ እንዲያውም የሥራው ምርጡ ክፍል ሰው የማያየው ይኼ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፣ ከዚያም ኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ብሎ ቡና አፍልቶ ጠጣ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ የጋራዥ ልጆች ልማድ ነው፤ ጠርዙን ይበሳል፣ ያ ቁስል ደግሞ ቀለም ቢቀባም ይታያል። እሱ የእናቱን የእንጨት መማሰያ በጨርቅ ጠቅልሎ ገፋበት። ክሊፖቹ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያሉ ወጡ፤ አንዱ ብቻ ተሰበረ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ አስቀምጦ በእያንዳንዳቸው ሥር ከየት እንደወጡ ጻፈ። እናቱ ካርቶኑን አይተው «ይኼ ልጅ ሰዓት ሠሪ ቢሆን ይሻለው ነበር» አሉ።

ቀጥሎ ያደረገውን ብዙ የቀለም ባለሙያ ነን ባዮች አያደርጉትም፤ ክፈፎቹን ገልብጦ ከጀርባቸው የታተመውን አነበበ። አንዳንዱ ላይ «ኤቢኤስ» ይላል፣ አንዳንዱ ላይ «ፒፒ»። ኤቢኤስ ቀለም ይቀበላል። ፒፒ፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን፣ እንደ ጌሾ እንስራ አይደለም፤ ምንም አይመጥም፣ ማጣበቂያ ፕራይመር ካልቀደመው ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ በሙሉው ይገፈፋል። መምህሩ ለሁለቱ ሁለት ዓይነት ዝግጅት አደረገላቸው፤ በላርጎ አጠበ፣ በአልኮል ጠረገ፣ በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት አሻከረ፣ ለፒፒዎቹ ፕራይመር ጨመረ።

ውጤቱ ጎልቶ የሚታየው በማርሹ ዙሪያ ባለው ክፈፍ ላይ ነው። የመረጠው ጥቁር ግራጫ ማት ቀለም ነው፤ ስስ ስስ አድርጎ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቆ፣ በየመሐሉ እየጠበቀ አራት ጊዜ ረጨው። እጃችሁን ብታሳልፉበት የፋብሪካው ጥቃቅን ሸካራነት አሁንም ከጣት ሥር ይሰማል፤ ቀለሙ ሸካራነቱን አልሞላውም፣ ተከተለው እንጂ። እናቱ ከፊት ተቀምጠው ክፈፉን ዳበሱና «እንዴ! ይኼን ረሳኸው እኮ፣ አልቀባኸውም» አሉት። እሱ ትንሽ ቅር አለው። እኔ ግን አንድ የመኪና ቀለም ከዚህ የበለጠ ምን ሊባልለት እንደሚችል አላውቅም።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን መሐል ላይ ያለው የመቁጠሪያው ቆብና ከሥሩ ያለው የሬዲዮ ክፈፍ ሲደርሱ ሐሳቡን ለወጠ፤ «ትንሽ ይብራ» አለ፣ ፒያኖ የሚባለውን አብረቅራቂ ጥቁር ገዛ። ማብረቅረቅ ዳሽቦርድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከወረታ በሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር አመሻሽ ላይ መንዳት ይበቃል። አብሬው ነበርኩ፤ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ነበረች። ቆቡ ብርሃኑን ተቀብሎ የፊት መስታወቱ ላይ ጣለው። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከፊታችን የሚሄደው ባጃጅ በቆቡ ነጸብራቅ ውስጥ እየጠፋ ይመለስ ነበር። መምህሩ መሪውን ይዞ በሌላ እጁ ኮፍያውን ቆቡ ላይ ከደነበት። ፋብሪካው ዳሽቦርድን ማት አድርጎ የሠራው ቀለም ለመቆጠብ አይደለም፤ ሹፌሩ መንገዱን እንዲያይ ነው። ይህንን ስህተት እንደ ጣዕም ልዩነት አላየውም።

የሬዲዮው ክፈፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቀለሙ መሐል የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ ቀለሙ ከነዚያ ቦታዎች ሸሽቶ ዙሪያውን ቆሟል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የዓመታት የላቫጆ ታሪክ ነው። መኪናችንን ባስታጠብን ቁጥር ልጆቹ ዳሽቦርዱን የሚቀቡት ያ ቅባት መሰል ማብረቂያ ሲሊኮን አለው። ሲሊኮን ደግሞ በአንድ ዙር ላርጎ አይለቅም፣ ቀለምም አጠገቡ አይቀመጥም። ከሌሎቹ ክፈፎች ይልቅ ሬዲዮው ዙሪያ የበዛው ልጆቹ እዚያ ላይ ደጋግመው ስለሚያሹ ነው፤ ጉርሻ የሚሰጠው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ማብረቅረቅ ደግሞ ጉድጓድ አይደብቅም፤ ማት ቢሆን ኖሮ ግማሹ አይታይም ነበር።

ጊዜውን ለምን እንደመረጠ ጠየቅሁት። ሐምሌ ነው የቀባው። «ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ይገባኛል፤ ነገር ግን ሐምሌ ጣና ዳር ያለ በረንዳ አየሩ ራሱ እርጥብ ልብስ ነው። ከመሳቢያው ጠርዝ ላይ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ቀርቷል። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ቲነር ፈጥኖ ሲተን ሙቀቱን ከፕላስቲኩ ይወስዳል፣ ፕላስቲኩ ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ እርጥበት ትኩሱ ቀለም ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ያ ነው ነጩ ጭጋግ። ይህንን እኔ ለፊዚክስ መምህር ማስረዳቴ አሳቀን። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ቅዳሜ በረንዳው ላይ ረስቶታል። በተጨማሪም የመሸበትን ክፈፍ አምፖል ሥር ስለቀባው ከሐይቁ የመጡ ጥቃቅን ነፍሳት ሁለት ሦስት ሆነው ቨርኒሹ ውስጥ ቀርተዋል። እነሱን እንኳ አልጠላኋቸውም፤ የተሠራበትን ቦታ ይናገራሉ።

ወደ ዋናው ቁስል፣ ወደ መጋጠሚያው መስመር ልመለስ። መምህሩ ስቱኮ ሞላበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቀባው። ለሦስት ሳምንት ዳሽቦርዱ አንድ ወጥ መሰለ፤ አየሁት፣ አደነቅሁ። ከዚያ ክረምቱ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ መስመሩ ተመልሶ መጣ፣ እንዲያውም ቀለሙን ይዞ ተሰነጠቀ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ የፕላስቲክ ቁራጮች በየቀኑ ይለጠጣሉ ይሰበሰባሉ። ስቱኮ ግን ድንጋይ ነው፤ አብሯቸው አይሄድም።

መልሱ ከሽምብጥ ሩቅ አልነበረም። ከዚህ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ብትገቡ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች በቀጥታ ጭቃው ላይ የተሣሉ አይደሉም፤ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። የጭቃ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ይተነፍሳል፣ ክረምት ያብጣል። ጨርቁ በግድግዳውና በቀለሙ መሐል ሆኖ እንቅስቃሴውን ይውጣል። የዘጌ ሠዓሊ መስመሩን ሞልቶ ከመደበቅ ይልቅ እየተንቀሳቀሰ እንደሚኖር አምኖ ሠራ። የዳሽቦርዱም መድኃኒት ከጀርባው ነበር፤ ክፈፉ ተነቅሎ እጁ ላይ ሳለ፣ መስመሩን ከኋላ በቀጭን ጨርቅ ወይም መረብና በሚለጠጥ ኮላ አስሮ፣ ከፊት ያለችውን ቀጭን ጭረት ግን እንዳለች ትቶ መቀባት። ጭረቷ ትታይ ነበር፤ ግን አትሰነጠቅም። ይህንን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ዑራ ስንት ጊዜ ተማሪ ይዤ ሄጃለሁ!» አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ፍርዱን ከኔ በላይ አከብራለሁ። ከመሳቢያው በላይ ያለውን የኤርባግ ክዳን አልቀባውም። የዚያ ክዳን ሥራ መቀደድ ነው፤ ከውስጥ በኩል የሳሳ መስመር አለው፣ በአደጋ ጊዜ በዚያ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ከላይ ቀለምና ቨርኒሽ ቢደራረብበት አከፋፈቱን ሊያውክ፣ የደረቀው ቀለምም ስብርባሪ ሆኖ ፊት ላይ ሊበተን ይችላል። መሪው በዞረ መኪና ላይ ኤርባጉ ይሠራል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ያውቃል። ቢሆንም ክዳኑ በአሮጌው የነጣ ቀለሙ፣ በአዲሶቹ ጥቁሮች መሐል፣ እንደ ጥርስ ክፍተት ይታያል፣ ትቶታል። የመኪና ውበት ባለሙያ ቢያየው «ያልጨረሰ ሥራ» ይለው ይሆናል። ለኔ ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ከማርሹ ክፈፍ ቀጥሎ ዓይኔ የሚያርፍበት ይኼ ነው።

ጥቅምት ገባ። ባለፈው ቅዳሜ ግቢያቸው ስገባ ቪትዟ ጥላ ሥር ቆማለች፣ የመቁጠሪያው ቆብና የሬዲዮው ክፈፍ እንደገና ተነቅለዋል። መምህሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ክፈፉን በአልኮል ለሦስተኛ ጊዜ ያሻል፣ አጠገቡ ማት ስፕሬይ ቆሟል። ሬዲዮው ሽቦዎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ይዘፍናል። እናቱ አሮጌውን ምንጣፍ አጥበው ገመድ ላይ አስጥተውታል።

«እንዳይጣል» አሉኝ፤ «ምናልባት።»